ኦሪጅናሉን አምጪ

ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ አየር ጤና ታክሲ ተራ የቆመ ሰው የአላፊ አግዳሚውን ስም ባያውቅ እንኳ መሥሪያ ቤቱን ያውቃል። አንገት ሁሉ ገመድ አለው። ሰማያዊ አለ፣ አረንጓዴ አለ፣ የባንክ ስም የተጻፈበት አለ፣ ከዓመታት በፊት በአንድ ስብሰባ ላይ ከቦርሳና ከእስክሪብቶ ጋር የታደለና «የምክክር መድረክ» የሚል ጽሑፉ የደበዘዘም አለ። ጫፉ ላይ የተንጠለጠለው መታወቂያ ከነፎቶው፣ ከነማዕረጉ፣ ከነማኅተሙ ወደ ውጭ ዞሮ ይታያል። ፎቶው ብቻ ከባለቤቱ በብዙ ዓመት ያንሳል። አንገቱ ባዶ የሆነ ሰው ደግሞ ወይ ነጋዴ ነው፣ ወይ ሥራ ፈላጊ ነው፣ ወይ መታወቂያውን ኪሱ ውስጥ የሚይዝና ባይጠየቅ የሚሻል ሰው ነው።

ገመዱ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ያሳፍራልም። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛውን ጠዋት ወደ ሥራ፣ ማታ ወደ ቤት የሚያመላልሱ የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡሶች አሉ። ሠራተኛው ሳንቲም አይከፍልም። የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ ያሳያል፣ ይገባል፣ አለቀ። ያው መታወቂያ ከአንድ ሰዓት በኋላ የመሥሪያ ቤቱን በር ያስከፍትለታል። እንግዲህ የግቢ መታወቂያንና የትራንስፖርት ካርድን አንድ ላይ ስለ ማዋሐድ ባለ ብዙ ስላይድ ጥናት ይዞ የሚመጣ አማካሪ ካለ፣ እኛ ቀድመነዋል። ያለ ቺፕ፣ ያለ ማሽን፣ ያለ ኔትወርክ፤ በአንድ ላሚኔት በተደረገ ካርቶንና በአንድ ሰው ዓይን።

ያ ዓይን ግን ስንቱን ያያል! አንዱ መታወቂያውን ብልጭ አድርጎ ይሰውረዋል፤ ያሳየው የኤቲኤም ካርድ ይሁን የሠርግ ጥሪ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ሌላዋ ከደረቷ ላይ ሳታነሳው አገጯን ብቻ ቀና ታደርጋለች፤ ማንበብ ያንተ ፋንታ ነው ማለቷ ነው። ሌላው በስልክ እያወራ አንገቱን ይነካካና ገመዱ እንደሌለ ሲያውቅ «ቆይማ አንዴ» ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን ይዘጋል። በሰፈራችን የሚኖሩ አንድ ትልቅ ሰው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ መታወቂያቸው ግን ጡረታ አልወጣም። ጠዋት ጠዋት ሱፋቸውን ለብሰው፣ ገመዳቸውን አጥልቀው ሜክሲኮ ድረስ ይሄዳሉ። እዚያ ጋዜጣ ያነባሉ፣ ማኪያቶ ይጠጣሉ፣ ማታ ከሠራተኛው እኩል ደክሟቸው ይመለሳሉ። «ጋሼ፣ ይሄ መታወቂያ ቀኑ አላለፈም እንዴ?» ብላቸው፣ «ቀኑ አልፏል፤ እኔ ግን አላለፍኩም» አሉኝ። ሐሰት አልተናገሩም።

አንዳንዱ ደግሞ ገመዱን ማውለቅ ይረሳል፤ ወይም የረሳ ይመስላል። ቅዳሜ ገበያ ከነገመዱ፣ ልጅ ለማስመዝገብ ከነገመዱ፣ ለቅሶ ቤት ነጠላው ላይ ከነገመዱ። ምናልባት የድንኳኑ በር ላይ ይጠየቅ ይሆናል።

አሁን ደግሞ አንገቷ ላይ ገመድ እያለ ምንም የማያሳፍራትን እንይ። የጎረቤቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ቤታቸው ዓለም ባንክ ነው፣ ካምፓሷ መሃል ከተማ ነው፣ ዶርም የላትም፣ በየቀኑ ትመላለሳለች። ከዓለም ባንክ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ወዲያ የዕለቱ ዕድል ነው። ያውም ታክሲው መንገዱን ካልቆራረጠው። ታፔላው ላይ «አየር ጤና ሜክሲኮ» ተጽፎ ረዳቱ «ጦር ኃይሎች ብቻ!» ይላል። ጦር ኃይሎች ያወረደውን ሰው አሳፍሮ ደግሞ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ይሄዳል። ታፔላ የሚጻፈው ለትራፊክ ፖሊስ ነው፤ ለተሳፋሪ የሚሆነው በቃል ነው የሚነገረው።

አንድ ማታ ቤታቸው ቡና ስንጠጣ እናቷ «እስኪ ለጋሼ አሳዪው» ብለው ቦርሳዋን ረከቦቱ አጠገብ አስገለበጧት። የካምፓስ አይዲ አለ። የላይብረሪ ካርድ አለ። ፋይዳ አለ። የነዋሪነት መታወቂያ አለ። የኤቲኤም ካርድ አለ፣ ሒሳቡ ውስጥ ካለው ይልቅ ካርዱ የሚከብድ። የላብራቶሪ መግቢያ ቢጫ ወረቀት አለ። ለዚህ ሁሉ መጠባበቂያ ደግሞ ስድስት ይሁን ስምንት ጉርድ ፎቶ በትንሽ ፖስታ፤ ሁሉም ላይ የተቆጣች ትመስላለች። እናቷ ሁሉንም ደርድረው አዩና «ታዲያ ከነዚህ ውስጥ ታክሲ የሚያሳፍረው የትኛው ነው?» አሉ። ልጅቱ የኪሷን ድፍን ሃያ ብር አወጣች።

አንድ ጊዜ ግን አይዲውን ሞክራዋለች። ምስክሩ እኔ ነኝ፤ ከኋላዋ ነበርኩ። ረዳቱ «ሂሳብ» ሲል አይዲዋን ወደ ላይ አነሳችና «ተማሪ ነኝ እኮ» አለችው። ግማሽ አስከፍለኝ ለማለት ነው። ረዳቱ አይዲውን በደንብ አየው፣ ዲፓርትመንቱንም አነበበው።

«እኔም ነበርኩ» አላት።

«ምን ነበርክ?»

«ተማሪ። አካውንቲንግ።» ከዚያ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገባና፣ «የኋላ ወንበር፣ ሂሳብ!»

ዲግሪው ሥራ ላይ ውሏል ማለት ይቻላል።

ሐበሻ በበዛባት ሲያትል ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1991 ዩ-ፓስ የሚባል ነገር ጀመረ። ዛሬ የተማሪው መታወቂያ ውስጥ የአውቶቡሱ ቺፕ አብሮ ተቀብሯል፤ ላይብረሪ የሚያስገባው ካርድ አውቶቡስም ባቡርም ያሳፍራል። የዘመዶቻችን ልጆች እዚያ ሆነው ካርዳቸውን ጢው አድርገው ሲገቡ በቪዲዮ አይተን ተገርመናል፤ እናቶችም «ይሄ ሁሉ በነፃ?» ብለዋል። በነፃ አይደለም። ገንዘቡ ከእያንዳንዱ ተማሪ ከትምህርት ክፍያው ጋር ይሰበሰባል፤ ተሳፈረም አልተሳፈረ፣ መኪና ኖረውም አልኖረው። ብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ ስለሚያዋጣ ለሚሳፈረው ይረክሳል። ይህንን ለእኛ አማካሪ አያስረዳንም፤ ዕድር ነው። በየወሩ የምንከፍለው እኮ ሞተን አይደለም። ዕድር ዳኛው ዘንድ ሄዶ «ዘንድሮ ቤቴ ሰው አልሞተም፣ መዋጮዬን መልሱ» ያለ ሰውም እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ካምፓስ ውስጥ ግን ይኸው ሐሳብ ቢቀርብ፣ ስድስት ኪሎ ተከራይቶ የሚኖረው ልጅ «እኔ በእግሬ እየሄድኩ የአየር ጤናን ልጅ ታክሲ ለምን እከፍላለሁ?» ብሎ ፊርማ ሲያሰባስብ ከወዲሁ ይታየኛል። አባቱ የሦስት ዕድር አባል ናቸው።

ሆንግ ኮንግ ኦክቶፐስ የተባለውን ካርድ እ.ኤ.አ. በ1997 አውጥታ ለባቡር ብላ በጀመረችው ዛሬ ትምህርት ቤት ተማሪ መቅረቱንና አለመቅረቱን ይቆጣጠርበታል፤ ሱቅም ይገዛበታል። የሴኡል ተማሪም በመታወቂያው አውቶቡስ ይሳፈራል። እዚያ ካርዱ ከተናገረ ሌላ ተናጋሪ አይፈለግም። የእኛ አገር ካርድ ግን ብቻውን አያስረዳም፤ ምስክር ይፈልጋል።

ለምሳሌ ነገ አንድ ካርድ ይውጣ ቢባል ምን አምጡ እንደሚባል እናውቃለን። የካምፓስ አይዲ ዋናውና ኮፒው። ፋይዳ ዋናውና ኮፒው። የነዋሪነት መታወቂያ። ከሬጅስትራር «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ። ከወረዳ ደግሞ ደብዳቤው የተጻፈላት ልጅ እሷው መሆኗን የሚገልጽ ሌላ ደብዳቤ። አራት ጉርድ ፎቶ፣ ጀርባው ነጭ የሆነ። ቀይ ጀርባ ያለው ተነሥታ ከሆነ እዚያው በር ላይ የሚያነሣ ልጅ አለ። ማመልከቻው የሚሞላው ኦንላይን ነው፤ ከተሞላ በኋላ ታትሞ በአካል ይቀርባል። ስድስቱን ካርድ አንድ ለማድረግ ሰባተኛው ይመጣል እንጂ ስድስቱ አይሄዱም።

ቀልድ መሰላችሁ? ፋይዳን ያየ አይስቅም። ፋይዳ ሲጀመር ቁጥር ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ሰዉ አሻራውንና የዓይኑን ብሌን እየሰጠ ቁጥሩን በስልኩ ተቀበለ። ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ የባንክ ሒሳብ ያለ ፋይዳ አይከፈትም። ታዲያ የሐሳቡ ቁም ነገር ሰውየው ወረቀት ተሸክሞ እንዳይዞር ነበር። አየር ጤና ግን ሄዳችሁ እዩ፤ ከፎቶ ኮፒ ቤት ቀጥሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፣ በሁሉም በር ላይ «ፋይዳ ከለር ፕሪንት፣ ላሚኔሽን፣ ጉርድ ፎቶ፣ ሲቪ» ይላል። ሰዉ ቁጥሩን በቴሌግራም ይልካል፤ ልጁ ኮምፒውተር ላይ ይከፍታል፤ በወፍራም ወረቀት ያትማል፤ በመቀስ ጠርዙን ይከረክማል፤ በፕላስቲክ መሃል አድርጎ ወደሚያሙቀው ማሽን ይከተዋል። ማሽኑ ቀስ ብሎ ይውጠውና በዚያ በኩል ትኩስ አድርጎ ይተፋዋል። ደንበኛው እያገላበጠ፣ እፍ እያለ፣ «አሁን ገና መታወቂያ ሆነ» ብሎ ይወጣል። በይፋ የሚታተም ካርድም አለ፤ ግን ወረፋ ማን ይጠብቃል፣ ልጁ እያለ!

የጎረቤቴ ልጅ ይህንን ላሚኔት የተደረገ ፋይዳዋን ይዛ አንድ ቢሮ በር ላይ ስትደርስ፣ ጥበቃው ተቀብለው በጥፍራቸው ጠርዙን ፈተሹት፣ ወደ ፀሐይ አነሡት፣ መለሱላት።

«ኦሪጅናሉን አምጪ።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኦሪጅናል የለውም፤ ዲጂታል ነው።»

«እሱማ አውቃለሁ። የዲጂታሉን ኦሪጅናል ነው ያልኩሽ።»

ይህን የሰማ ተስፋ ሊቆርጥ ይችላል፤ እኔ ግን በጥበቃው አልፈርድባቸውም። ካርዱን የሚያነብ ማሽን አልተሰጣቸውም። የተሰጣቸው አንድ ወንበር፣ አንድ ዱላና «ያለ መታወቂያ አታስገባ» የሚል ትእዛዝ ነው። ስለዚህ የሚያውቁትን ያደርጋሉ፤ ካርዱን ይዘው ፊት ያያሉ። የካምፓሷም በር እንዲሁ ነው። በመስከረም እያንዳንዷን አይዲ ተቀብለው ከነስሟ ያነባሉ። ኅዳር ሲገባ ፊቷን ያውቁታል፣ «እለፊ» ነው። ፀጉሯን አዲስ የተሠራች ቀን ግን እንደገና አይዲ። በእውነቱ የእኛ አገር የጥበቃ ሶፍትዌር ይኸው ነው፤ የሚደናገረው በሹሩባ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ መታወቂያ ከተነሣ አየር ጤናና ዓለም ባንክ ያሉባትን ኮልፌን በታሪክ የሚያህላት የለም። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ፣ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ነው። በዚያው ዘመን የያዙት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ላይ ያለው ስም ግን ማንዴላ አይደለም፤ ዴቪድ ሞትሳማዪ ይላል። ኮልፌ ከገቡት ሰነዶች ሁሉ ዓለም ያወቀው ስሙ የሐሰት የሆነው ነው ማለት ነው። በዚያን ጊዜ በር ላይ የነበረው ዘብ «ኦሪጅናሉን አምጣ» ቢላቸው ኖሮ የአንድ አገር ታሪክ እዚያው ይንጓለል ነበር።

ወደ ታክሲው እንመለስ፤ ዋናው ጉድ ያለው እዚያ ነው። ካርዱ አውቶቡስ ላይ ቢሠራ እንኳ የኮልፌ ሰው የሚሄደው በብዛት በሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ነው። ሚኒባስ ደግሞ የራሱ ሕገ መንግሥት አለው። ሹፌሩ ለባለንብረቱ በቀን የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፤ ነዳጁን ይሞላል፤ በየፌርማታው ለተራ አስከባሪ ይጥላል፤ ከዚያ የተረፈው የእሱና የረዳቱ ነው። ይህ ሁሉ የሚኖረው ስንት ሰው እንደተሳፈረ ሦስተኛ ወገን ስለማያውቅ ነው። ማሽን ግጠምለት፣ እያንዳንዱ ተሳፋሪ ጢው ሲል ባለንብረቱ ቤቱ ተቀምጦ ይሰማዋል። «ዛሬ መንገድ ተዘግቶ ነበር» የሚለው የማታ ንግግር በዚያው ይሞታል። ረዳቱ ያን ማሽን በሦስተኛው ቀን «ሲስተም የለውም» ባይለው ነው የሚገርመኝ። ተራ አስከባሪውስ? መዳፉ ላይ ካርድ የሚነካ ሰው እስካሁን አልተወለደም።

ይህ የእኛ ክፋት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጉግል የሚያህል ድርጅት ከኢኩዊቲ ባንክ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2013 ናይሮቢ ላይ ቤባፔይ የሚባል የማታቱ፣ ማለትም የነሱ ሚኒባስ፣ መክፈያ ካርድ አውጥቶ ነበር። የዓለምን መረጃ ሁሉ ፈልጎ የሚያገኘው ጉግል፣ የናይሮቢን ረዳት ልብ ማግኘት አቅቶት በ2015 ነገሩ ተዘጋ። ረዳቶቹ ጥሬ ብር ነበር የሚፈልጉት። ኪጋሊ ግን በዚያው በ2015 ታፕ ኤንድ ጎ የሚባል ካርድ ጀምራ ተሳክቶላታል። ልዩነቱ ቺፑ ላይ አይደለም፤ ኪጋሊ መንገዱን አስቀድማ ለጥቂት ኩባንያዎች አከፋፍላ፣ አውቶቡሱን በሥርዓት አሰልፋ፣ ካርዱን በመጨረሻ አመጣችው። እኛ ብንሆን ካርዱን አስቀድመን ነበር፤ ካርድ ይመረቃል፣ ሥርዓት አይመረቅም።

ምረቃ ካልኩ አይቀር። ካርዱ ሲመረቅ የሚሆነውን ሳስበው ከአሁኑ ያስቀኛል። መጀመሪያ ዓርማ ነው ጣጣው። የዩኒቨርሲቲው ዓርማ ከላይ ይሁን ወይስ የአውቶቡስ ድርጅቱ? ባንኩስ ስፖንሰር አይደል? ቴሌስ? ከተማ አስተዳደሩ ሳይጠራ ይቀራል? ለዚህ ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋማል። ሁሉም ዓርማ ከሰፈረ በኋላ የተማሪዋ ፎቶ የሚገባበት ቦታ አይኖርም፤ ወደ ጀርባ ይዞራል። ከዚያ አዳራሽ፣ ባነር፣ ኮፍያ፣ ቲሸርት። መድረኩ ላይ ሁለት ሰው ተሸክሞት የሚገባ፣ በር የሚያህል የካርዱ ምስል ይቆማል። የክብር እንግዳው ከጎኑ ፎቶ ይነሣሉ። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ያ ትልቁ ካርድ አውቶቡስ ውስጥ አልገባ ብሎ በፒካፕ ይመለሳል። ተሳታፊዎቹስ? የትራንስፖርት አበል በጥሬ ብር ይከፈላቸዋል፣ ፈርመው።

እንግዲህ ባቡሩን ደግሞ አንርሳው፤ ምንም እንኳ ባቡሩ እኛን ቢረሳን። የምሥራቅ ምዕራብ መስመሩ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከአያት ተነሥቶ ጦር ኃይሎች ላይ ቆመ። ለአያት ሰው ጦር ኃይሎች የከተማው መጨረሻ ነው፤ ለዓለም ባንክ ሰው ገና የመንገዱ አጋማሽ ነው። ትኬቱ ያኔ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር፤ ከመንገድ ዳር ካለች ትንሽ ቤት በመስኮት የሚገዛ ወረቀት። በ475 ሚሊዮን ዶላር የተሠራ የኤሌክትሪክ ባቡር በቁራጭ ወረቀት ሲሳፈሩበት የሚያምር ነገር አለው። ወረቀቷ ግን ሥራዋን ትሠራለች፤ ባትሪ አትጨርስም፣ ኔትወርክ አትጠይቅም፣ ተሳፋሪዋን «ስምሽን እስከ አያት ጻፊ» አትላትም። ከዊንጌት እስከ ጀሞ ይዘረጋል የተባለለት ፈጣን አውቶቡስ ሲመጣ ደግሞ የራሱን ካርድ ይዞ እንደሚመጣ አልጠራጠርም።

ለነገሩ ተማሪንና ታክሲን አንድ ላይ ማሰር በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ነዳጅ ሲወደድ ባለ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ፣ መምህራን አደሙ፣ ተማሪዎችም ወጡ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ምናልባት የሁለቱን ካርድ እስካሁን ማንም ያላዋሐደው ይህን አስቦ ይሆናል።

አሁን ካርዱ እንደምንም አንድ ሆነ እንበል። የሚጠፋውም አንድ ጊዜ ይሆናላ! የጎረቤቴ ልጅ ባለፈው ሴሚስተር አየር ጤና ሰልፍ ላይ ግፊያ ውስጥ አይዲዋ ወደቀባት። አይዲ ብቻ ስለነበር ዕዳው ቀላል ነው፤ ታክሲውም ላይብረሪውም ባንኩም እዚያው ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ ቤቷ የምትመለስበት አልነበራትም። እንደ ደንቡ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ የጠፋ ማስረጃ አጻፈች። በማስረጃው ሬጅስትራር ጊዜያዊ ወረቀት ሰጣት። ወረቀቱ ላይ ያ የተቆጣው ጉርድ ፎቶዋ ተለጠፈ፤ ማኅተሙ ግማሹ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ አረፈ፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ ረጅም ፊርማ ተፈረመበት፤ ቁጥርና ቀን ተጻፈበት።

የካምፓሱ ጥበቃ ይህን ወረቀት ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሡ። ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት። በሁለት እጃቸው መለሱላትና «ይሄ ነው ሰነድ ማለት» አሏት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሹሩባም ተሠራች ፍሪዝ፣ ያስቆማት የለም። ከሳምንት በኋላ የወደቀውን አይዲዋን አንድ ረዳት አግኝቶ በሰው በሰው አድርሶላታል። አመሰገነችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ አትጠቀምበትም። ማን ሞኝ አለ!

እንዲያውም ነገሩ ልቧን ሞልቶት ወረቀቱን ታክሲ ላይ ሞከረችው። ያው የአካውንቲንጉ ልጅ ነበር። ተቀብሎ አነበበው፣ ገለበጠው፣ ማኅተሙ ፎቶው ላይ በትክክል ማረፉን አየ።

«ሰነዱ የተሟላ ነው» አላት፤ እጁን ግን አላጠፈም።

ሃያ ብር ሰጠችው።

«ዝርዝር የለኝም፤ ስትወርጂ።»